ያተረፈው ሱቅ ለምን ተዘጋ

አንድ ጊዜ አህያና ጦጣ ገንዘባቸውን አዋጥተው የጨው ሱቅ ከፈቱ። ግመሎች ከቆላ የሚያመጡትን ጨው አህያ ገዝቶ ይሸከማል፤ ጦጣ ትሸጣለች። ገበያው ደራላቸው።

አንድ ቀን ግመሎቹ መጥተው መንደሩ ጫፍ ሰፈሩ። አህያ ለመግዣ የሚሆን ገንዘብ ሊወስድ ወደ ሱቁ ቢገባ ጨዉ አልቋል። «ጎሽ! ሁሉም ተሸጠ» ብሎ የገንዘብ ከረጢቱን ሲያነሳ ግን እሱም ባዶ ነው። ጆሮው ቆመ።

«እመት ጦጢት፣ ጨውም የለ፣ ገንዘብም የለ?»

«አያ ጅቦ ሁሉንም በእጥፍ ዋጋ ወሰደልን እኮ! በዱቤ ነው። ከዚህ ወዲያ ትርፍ የት ይገኛል?»

አህያ አላመናትም። ከሱቁ ሲወጣ፣ ገበያው ዳር ትንሽ የጨው መደብ ያለው ቀበሮ መንገድ ላይ ጠበቀው።

«በሸሪኮች መሀል መግባት አልወድም» አለ ቀበሮ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ግን የጦጣ ጉንጭ ሰሞኑን ለምን ተነፋ?»

ከዚያ ወዲያ አህያ ሌላ ሥራ አልነበረውም። ጦጣ ዛፍ ላይ ስትወጣ ከሥር ይቆማል፤ ስትስል ዞር ብሎ ያያታል። ጣሪያውን ፈተሸ፣ ወለሉን ቆፈረ። በመጨረሻም «አፍሽን ክፈቺ!» አላት።

ከፈተች። ሁለት ሽምብራ ብቻ ተገኘ።

«ካላመንከኝ ጅቡን ሄደህ ጠይቀው!» አለች ጦጣ እያለቀሰች።

ከጅብ ዕዳ ሊቀበል የሚሄድ አህያ ማን አይቶ ያውቃል? ከወንዙ ማዶ ቆሞ ጮኸ።

«አያ ጅቦ! የጨዉን ገንዘብ!»

«ቋንጣ ሠርቼ፣ ሸጬ ልከፍል ነበር። ሥጋው ግን ሳይደርቅ አለቀ።»

«ማን ጨረሰው?»

«እኔ ነኛ!»

«እንግዲያው ጨዉን መልስ!»

«ደጅ ትቼው ዝናብ አቀለጠው። ይልቅ ተሻገርና ቁጭ ብለን እንነጋገር» አለ ጅብ ከንፈሩን እየላሰ።

አህያ ፈረጠጠ። ግመሎቹ ጋ ሲደርስ ሊመለሱ ተነሥተዋል።

«ጨው ስጡኝ፤ በሚቀጥለው ስትመጡ እከፍላለሁ» ብሎ ለመነ።

«እኛ ጋ እጅ በእጅ ነው» አለ መሪው ግመል። «ደግሞም ቀበሮ ከፍሎ ሁሉንም ወስዶታል።»

ለካ ቀበሮ በጥቂት ትርፍ እየሸጠ፣ ገንዘቡን በእጁ ይዞ ይህንን ቀን ይጠብቅ ኖሯል!

ደንበኛው ሁሉ ወደ ቀበሮ ዞረ፤ ሱቁ ተዘጋ። ጦጣ አኩርፋ ጫካ ገባች፤ አህያም ለቀበሮ ጨው ተሸካሚ ሆኖ ተቀጠረ።

ከዚህ የምንማረው ሱቅን ባዶ የሚያስቀረው ሌባ ብቻ ሳይሆን፣ እጅ ያልገባ ትርፍም መሆኑን ነው።