ነብሩ ዓይኑን ጨፈነ

ኪኪኪ! ቆዩ፣ ቆዩ ልጆቼ፣ ሳቄ ይውጣልኝ... አያ ጅቦ ያለው ነገር እኮ ነው የሚገለኝ! እሱ ግን ኋላ ነው፤ የሚጥመው እሱ ነው፣ ጠብቁኝ። ተረቴ ጫካ ውስጥ ታስራለች፣ ልፍታት።

ድሮ ድሮ፣ ግንድም አፍ በነበረው ጊዜ፣ አንድ የወደቀ ሽማግሌ ዝግባ ነበር። እንቅልፉ ከባድ፣ ሆዱ ዋሻ፣ ውስጡ ቀን እንኳ ድቅድቅ ጨለማ። እዚያ አንዲት ሚጢጢ ነገር በቅላ ፍክት ብላ ታበራለች።

መጀመሪያ እትዬ ጃርት መጣች። እሳቷ ጠፍቶባት ልትጭር፣ ደረቅ ሣር ይዛ። «እሰይ፣ ፍም!» ብላ ሣሩን አስጠግታ እፍ! እፍ! እፍ! ጉንጯ ቅል አከለ፤ ጭስ እንኳ የለም።

«ምን ያለች ንፉግ ፍም ናት!» አለች።

ቀጥሎ ጋሽ ጉሬዛ ነጭ ካባውን እየጎተተ ከዛፍ ወረደ። «ፍም አይደለችም፣ ኮከብ ናት። ከሰማይ ስትወድቅ እኔ ባላይ ማን ያያል?»

«አይተሃል?»

«ተኝቼ ነበር።»

ሦስተኛ አያ ጅቦ መጣ። አጮልቆ አየና ጅራቱን ሸጎጠ። «ኧረ ዝም በሉ! የነብር ዓይን ነው! አንዱን ጨፍኖ በአንዱ እያየን ነው! ግንዱን ከነነብሩ ገደል እንክተተው!»

ያቺ ሚስኪን ከውስጥ «እኔ እኮ...» ትላለች፤ ድምፅዋ ከጤፍ ያነሰ፣ ማን ይስማት! ገደል ከገባች አለቀላት፤ ሽማግሌውም አብሯት እንክትክት ሊል ነው።

ገፉ። «ሆ! በሉ!» ግንዱ ግማሽ ዞረ። «ኧረ ወገቤን!» ብሎ ነቃ። ፀሐይ ዋሻው ውስጥ ገባች፤ ያ ብርሃን ድርግም!

«ጨፈነው!» ብሎ ጮኸ አያ ጅቦ፣ «ሊዘል ሲል ነው ዓይኑን የጨፈነው! እናቴን አደራ!» ወንዙን ተሻግሮም «ጨፈነው! ጨፈነው!» እያለ ነበር። ኪኪኪ! አላልኳችሁም?

እትዬ ጃርት ግን እሳት ሳትጭር መመለሱ ቆጭቷት አፍንጫዋን አስገብታ አሸተተች። ዝናብ የጠጣ አፈር ሸተታት። ቀረብ ብላ አየች፤ ቀጭን እግር፣ እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ ቆብ።

«አንቺ ማነሽ፣ የኔ ልጅ?»

«እንጉዳይ ነኝ፣ እትዬ። ብርሃኔ የሚታየው በጨለማ ነው።»

«ታዲያ ለምን አትናገሪም?»

«ማን ጠየቀኝ? ማንስ አስጨረሰኝ?»

እትዬ ጃርት አፈረች፣ ሳቀችም። ከጋሽ ጉሬዛ ጋር ግንዱን ወደ ቦታው መለሱት፤ ዋሻው ሲጨልም ሚጢጢዋ እንጉዳይ እንደገና ፍክት አለች። ሽማግሌው ዝግባ ወገቡ እየተንቋቋ እንዲህ አላቸው፦

«እንግዳ ስታዩ መጀመሪያ ስሙን ጠይቁ፤ ገደሉ እንደሆነ የትም አይሄድ!»