የማይጠወልግ አበባ

አንዲት አበባ ሻጭ የታዘዘችውን ትኩስ ጽጌረዳ በሞተር ሳይክሏ እየዞረች ታደርስ ነበር። የንግድ ፈቃድ ኃላፊ ሆነው ለተሾሙት ለአቶ ወንድይራድም፣ ወዳጆቻቸው «እንኳን ደስ ያለዎት» ብለው የላኩትን አበባ ያደረሰችው እሷው ናት። አበባው ውሃ የሚያጠጣው አጥቶ በሳምንቱ አንገቱን ሲደፋ፣ አቶ ወንድይራድ አስጠሯትና ባለጉዳይ ሁሉ በተሰበሰበበት አንባረቁባት።

«በሹመቴ ላይ ልታሟርቺብኝ ነው? መቼም የማይጠወልግ አበባ ዛሬውኑ አምጪ፤ አለዚያ ሱቅሽን አሽገዋለሁ!»

«እሱስ ሞልቷል፣ ጌታዬ» አለች ሄልሜቷን እንደታቀፈች። «የፕላስቲኩን አበባ ዝናብም ፀሐይም ንክች አያደርገውም። ብቻ እሱን የምናደርሰው መቃብር ላይ ነው። ለእርስዎ ዛሬውኑ ይምጣ ወይስ ትንሽ እንታገስ?»