ዓይኑ የፈዘዘ በሬ

አንድ የከብት ደላላ ነበር። ስሙ ጓንጉል ቢሆንም ገበያተኛው «የበሬ ሐኪም» እያለ ነበር የሚጠራው። ዓይኑ የፈዘዘ በሬ ሲቀርብለት ሻጩ «አቧራ ገብቶበት ነው» ብሎ ቢምልም አይሰማም። «ዓይኑ የሚናገረው የውስጡን ነው» ይልና ድዱን ይገልጣል፣ ሆዱን ይዳስሳል፣ ትንፋሹን ያዳምጣል።

አንድ ቀን የራሱ ዓይን ፈዘዘ። ጥቁር ነጠብጣብ ፊቱ ላይ ይዞርበት ጀመር። የገበያ ዝንብ መስሎት በእጁ ሲያባርር ሰው ሳቀበት።

ጤና ጣቢያ ሄደ። ነርሷ ዓይኑን አየች፤ መክሳቱንም ልብ አለች። «ጋሼ፣ የዓይን ብዥታ መንስኤው ብዙ ነው» አለችው። «መነጽር የሚያስተካክለው አለ፤ ከስኳር ወይም ከደም ግፊት የሚመጣ አለ። ኤችአይቪም ሳይታከም ቆይቶ ሰውነትን ሲያዳክም፣ ዓይን የሚያጠፋ ሌላ በሽታ ይገባል። ደምዎን እንመርምር።»

ጓንጉል ተቆጣ። «ለዓይኔ ብመጣ ደሜን ትጠይቂኛለሽ?» ብሎ ወጣ። እውነቱን ለመናገር የሰው አፍ ፈርቶ ነው። መንገድ ዳር መነጽር ገዝቶ ዓይኑ ላይ ሰካ።

ሚስቱ አጸደ ግን አላስቀመጠችውም። «ለሰው በሬ ድዱን ትገልጣለህ። ለራስህ ሲሆን አቧራ ነው ትላለህ?» አለችው።

«ዝም በይ፣ ጎረቤት ይሰማሻል!»

ክረምቱ ሲወጣ የቀኝ ዓይኑ ጨለመ። ያን ጊዜ በአጸደ እጅ እየተመራ ወደ ጤና ጣቢያው ተመለሰ። ቫይረሱ ደሙ ውስጥ ተገኘ፤ በእሷም ደም ውስጥ። ሁለቱም መድኃኒት ጀመሩ።

«የግራ ዓይንዎን ለማትረፍ እንታገላለን» አለ ሐኪሙ። «የቀኙ ግን አይመለስም።»

«ያኔ እሺ ብዬ ብመረመርስ ኖሮ?»

«ሳይተርፍ አይቀርም ነበር።»

ጓንጉል በቀረችው ዓይኑ ሚስቱን አያት። አጸደ የመድኃኒታቸውን ከረጢት አንሥታ ክንዱን ያዘችው። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

ወዳጄ፣ የፈዘዘ ዓይን ሁሉ ኤችአይቪ አይደለም። ሳይመረመሩ ግን የትኛው እንደሆነ ማወቅ አይቻልም። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ጓንጉል የሸሸገው በሽታ የራሱን ዓይን አጠፋ፤ የአጸደንም ሕክምና አዘገየ። አንተስ፣ ለምትገዛው በሬ የምትጠነቀቀውን ያህል ለራስህና ለቤትህ ተጠንቅቀሃል?