የእናቱ «አንቺ»

አንድ ከሩቅ አገር ወደ ትልቅ ከተማ የመጣ ተዋናይ ነበር፤ ስሙ ኤርሳሞ ይባላል። በከተማው የሚሠራ አስቂኝ ፊልም አያመልጠውም፤ በአንዱም ውስጥ ግን የአገሩን ሰው አይቶ አያውቅም። የአገሩ ሰው ግንብ ይገነባል፣ ያስተምራል፣ ያክማል፤ ፊልም ላይ ሲደርስ ግን ምድር የዋጠችው ይመስላል። ይህ ኤርሳሞን ያንገበግበው ነበር።

ከዕለታት በአንዱ አንድ የፊልም ዳይሬክተር አስጠራውና የሀብታም ቤት ዘበኛ ሆኖ እንዲተውን ጠየቀው። ኤርሳሞ በደስታ ሰከረ፤ በመጨረሻ ከእኛም አንድ ሰው ሊታይ ነው አለ። ቃለ ተውኔቱን እንደ ውኃ ጠጥቶት ቀረበ። አማርኛው እንከን አይወጣለትም። ዳይሬክተሩ ግን ፊቱን አጨፈገገ።

«አነጋገርህ ቀና ሆነብኝ» አለው። «ከየት እንደመጣህ ተመልካቹ በምን ይወቅ? ደግሞስ በምን ይሳቅ?»

ኤርሳሞ ሚናው እንዳያመልጠው ፈራ፤ ያን ጊዜ እናቱ ትዝ አለችው። በእናቱ ቋንቋ ወንድም ሴትም የሚጠሩት በአንድ ቃል ነው። አማርኛን በስተርጅና የተማረችው ከልጅ ልጇ፣ ከኤርሳሞ ሴት ልጅ ጋር ለመጫወት ነበር፤ ልጅቷን «አንቺ» ስትል ለመደችና ቄሱንም የእድሩን ዳኛም «አንቺ ደህና አደርሽ?» ትላቸዋለች። ማንም ቅር ብሎት አያውቅም። እንዲያውም የሰፈሩ ሰው የእሷን «አንቺ» እንደ ምርቃት ነበር የሚቀበለው።

ኤርሳሞ ያን «አንቺ» አውጥቶ ለዳይሬክተሩ ሰጠው። ዳይሬክተሩ በሳቅ ፈረሰ፤ ሚናውም ጸደቀለት።

ፊልሙ በተመረቀ ዕለት እናቱ የክት ልብሷን ለብሳ ከፊት ተቀመጠች። የልጇ ፊት ግድግዳውን ሞልቶ ስታየው እልል አለች። ቀጥሎ ዘበኛው ለጌታው በር ከፍቶ «ጌትዬ፣ አንቺ መጣሽ?» ሲል አዳራሹ ተናጋ። ኤርሳሞ በጨለማው ውስጥ ወደ እናቱ ዞር አለ። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ነበር።

ሲወጡ ዳይሬክተሩ በር ላይ ጠብቆ «እማማ፣ ወደዱት?» ብሎ ጠየቃት። ዙሪያውን የቆመው ሰው ለመሳቅ ጥርሱን አዘጋጅቶ ጠበቀ። አሮጊቷ አፏን ከፈተች፤ ምን ብላ እንደምትጠራው ጨነቃትና መልሳ ዘጋችው። እጅ ነስታ አለፈች።

ቤት ሲገቡ በራሷ ቋንቋ እንዲህ አለችው፦

«ልጄ፣ መሳሳቴን አላውቅም ነበር። በጆሮዬ ብትነግረኝ አርመው ነበር። ለዚህ ብለህ ያን ሁሉ ሰው መሰብሰብ አልነበረብህም።»

ከዚያ ወዲህ አማርኛ ከአፏ አልወጣም። የልጅ ልጇ ደግሞ ሌላ ቋንቋ አታውቅም፤ ኤርሳሞ ምን ይጠቅማታል ብሎ አላስተማራትም። አያትና ልጅ በአንድ ቤት ራስ እየነቀነቁ ኖሩ። ልጅቷ አያቴ ለምን ተጣላችኝ ብላ ኤርሳሞን ጠየቀችው።

እሱም ወደ ዳይሬክተሩ ሄዶ በሚቀጥለው ፊልም ዘበኛው እንደ ማንም ሰው ይናገር ብሎ ለመነው። ዳይሬክተሩ «ታዲያ ምኑ ያስቃል?» አለውና ሌላ ተዋናይ ቀጠረ። አዲሱ ተዋናይ «አንቺ» ማለትን ያጠናው ከኤርሳሞ ፊልም ነው። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ኤርሳሞ ቃሉን ሊመልሰው አልቻለም፤ የከተማው ወጣት ሁሉ በፍቅር የሚጠራራበት ሆነ።

እናቱ ዝም እንዳለች አረፈች። በቀብሯ ላይ አንድ ጎረምሳ በቅን ልቡ ሊያጽናናው ትከሻውን ያዝ አድርጎ «አይዞሽ፣ ጌትዬ» አለው። ከኋላ የቆሙት ለቀስተኞች ሳቃቸውን መዋጥ አቃታቸው።

አለመታየት ያማል። ይሁን እንጂ በጉድለታችን ብቻ ከታየን ያየን የለም፤ ለዚያ መታየት ብለን የምንከፍለውም አብዛኛውን ጊዜ የራሳችን አይደለም፤ የእናታችን ነው። እርስዎስ በቅርቡ ሆድዎን ይዘው በሳቁበት ፊልም፣ የማን እናት ዝም ብላ ይሆን?