ቀበሮ ዋስ ያጣ ዕለት

ልጆች፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። በድሮ ዘመን፣ ወንዞች ገና ስም ሳይወጣላቸው፣ ምላሱ የሰላ ቀበሮና ዓይን አፋር ሚዳቋ ጎረቤታሞች ነበሩ። ቀበሮ ሲናገር ድንጋይ ያባብላል። ሚዳቋ ግን ሰላምታ ስትሰጥ እንኳ መሬት መሬቱን ታያለች።

ከወንዙ ወዲህ አንበሳ ይገዛል፤ ከወንዙ ወዲያ ነብር ይገዛል። ወደ አንዱ ወገን የሚገባ ሁሉ በጌታው ስም ይምላል፣ ዋስም ይጠራል። የማለው ከከዳ አገር ለቆ የሚሄደው ዋሱ ነው። ሕጉ ይህ ነበር።

ቀበሮ መጀመሪያ ወደ አንበሳ ሄደ። «አያ አንበሶ ይሙት፣ አልከዳም» ብሎ ማለ። ጥንቸል ዋስ ሆነችው። አንበሳም የሸንጎው አፈ ጉባኤ አደረገው። ድርቅ ገብቶ የአንበሳ ግቢ ሲራብ ቀበሮ ወንዙን ተሻገረ። ጥንቸል ከጎጆዋ ተባረረች።

ነብር ዘንድ ሄደ። «አያ ነብሮ ይሙት፣ አልከዳም» ብሎ ማለ። ጃርት ዋስ ሆነው። ነብርም አማካሪው አደረገው። ነብር አርጅቶ ጥርሱ ሲረግፍ ቀበሮ ወንዙን ተመልሶ ተሻገረ። ጃርት ከጉድጓዱ ተባረረ።

አሁን ደግሞ ቀበሮ በአንበሳ ሸንጎ ፊት ቆመ።

«ልቤ ከዚህ ርቆ አያውቅም» አለ።

«እግርህስ?» አለ ከኋላ የተቀመጠው ከርከሮ።

ሸንጎው ሳቀ። አንበሳ አልሳቀም። «ዋስ ጥራ» አለው።

ቀበሮ ግራ ቀኙን አየ። ሁሉም አንገቱን ደፋ። «ጎረቤቴ ሚዳቋ አለችልኝ» አለ። ጠጋ ብሎም፣ «እህት ዓለም፣ አንቺ እንደሆንሽ እምቢ ማለት አታውቂም» አላት በለሆሳስ።

እውነቱን ነው፤ እምቢ ብላ አታውቅም። እሺ ካለች ግን፣ ይህ ቀበሮ ዳግም የተሻገረ ቀን ግልገሏን ይዛ ወዴት ትገባለች? እምቢ ካለች ደግሞ ሸንጎው ምክንያቷን ይጠይቃል። ምክንያቷን ለማንም ተናግራው አታውቅም።

«አልዋስህም» አለች።

«ምክንያትሽ?» አለ አንበሳ።

«ጌታዬ፣ ቀበሮ መጀመሪያ ወደ እርስዎ በመጣበት ማለዳ ውኃ ልጠጣ ወርጄ ነበር። ቄጤማው ውስጥ ሆኜ ሰማሁት። መሐላውን ይለማመዳል። አንዴ በእርስዎ ስም፣ አንዴ በነብር ስም። ገና ሳይገባ መውጫውን ያጠና ነበር። አፍሬ ዝም አልኩ። ጥንቸልን ያስባረራት የእኔም ዝምታ ነው።»

ቀበሮ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

ዋስ የለምና አንበሳ አልተቀበለውም። ወሬው ወንዙን ቀድሞት ተሻግሮ ነበርና ነብርም አልተቀበለው። ወንዙ መካከል ካለው ቋጥኝ ላይ ቀረ። ሲመሽ ወደ ወዲህ ይጮኻል፣ ወደ ወዲያ ይጮኻል፤ የሚመልስለት የለም። ሚዳቋ ግን ጥንቸልንና ጃርትን ፈልጋ አገኘቻቸውና መስኳን አካፈለቻቸው።

ልጆች፣ በሁለት ቢላ የሚበላ መጨረሻ የሚቆርሰው ያጣል። ዓይን አፋርነትም ነውር አይደለም፤ ክፉ እያዩ ዝም ማለት ግን ሳይጠሩ ዋስ መሆን ነው።

ተረቴ እዚህ አደረ፤ እናንተም በሰላም እደሩ።