በሰው ሙሾ የተለቀሰለት ሰው

«አንድ ሰው ነበረ፤ አባቱ ሞተበት» አሉ ጋሽ ደምለው፣ ወረቀቱን አጥፈው ለእኅታቸው ልጅ ለናሆም እየመለሱለት።

ናሆም በውሃ ትምህርት ለሁለተኛ ዲግሪ እያመለከተ ነበር። ዩኒቨርሲቲው «ማን እንደሆንህና ለምን መማር እንደፈለግህ ጽፈህ ላክ» ብሎታል። እሱ ግን ባለፈው ዓመት አመልክቶ የተቀበሉትን የአንድ ሰው ጽሑፍ ወስዶ ስሙን ብቻ ለውጦ መጣ። «የእኔ ኑሮ ምን የሚጻፍ አለው? ይህን ብልክ ምን ክፋት አለው፣ ጋሼ?» ብሎ ነበር የጠየቃቸው።

ጋሽ ደምለው ተረታቸውን ቀጠሉ። ሟቹ አባት ክረምት ወንዝ ሲሞላ ሰው በጀርባው እያዘለ የሚያሻግር ነበር። ልጁን ያሳደገውም በዚሁ ነው። ልጁ ግን ሀብት ካገኘ ወዲህ የአባቱ ሥራ ሲነሣ ያፍራል። ስለዚህ ስመ ጥር አልቃሽ አስመጣና፣ «አምና ለሞተው ባላባት ያወረድሽውን ሙሾ ለአባቴም አውርጂለት፤ ስሙን ብቻ ለውጪ» አላት።

አልቃሿ ጀመረች። ፈረሱን አነሣች፣ ጠመንጃውን አነሣች፣ የጣለውን አንበሳ አነሣች። ድምፅዋ አንጀት ይበላል፤ እንባ ግን አልመጣም። ለቀስተኛው እርስ በርሱ ይተያያል። አንድ ሽማግሌ ወደ ጎረቤቱ ጠጋ ብሎ፣ «የማን ለቅሶ ነው የመጣነው?» አለው።

«እኔም ግራ ገብቶኛል። ለሟቹ እንኳን ፈረስ አህያም አላውቅለትም።»

የሟቹ ሚስት ይህን ሁሉ ስትሰማ ቆየች። ስለ ፈረሱ ሲባል የባሏ ጀርባ ታያት። ስለ ጠመንጃው ሲባል የወንዙን ጥልቀት የሚለካባት ዘንግ ታየቻት። አስከሬኑ ፊቷ ተጋድሟል፤ ስለ እሱ ግን አንድ ቃል የተናገረ የለም። ባሏን ሞት ከወሰደባት በላይ ሰው የሰረቀባት መሰላት። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አሰረችና ተነሣች።

«በቃ፣ ዝም በዪ» አለቻት አልቃሿን። ወደ ልጇም ዞረች። «ባሌን የት አደረስከው? ይህን ባለ ፈረስ እኔ አላገባሁትም። የእኔ ባል ምጥ የያዛት ሴት አዝሎ ሙላት ውስጥ የሚገባ ነው። እሱ ያሻገራችሁ አልቅሱለት፤ ባለ ፈረሱን የምታውቁ ወደ ቤታችሁ ሂዱ።»

ያን ጊዜ ከወንዙ ማዶ የመጣው ሁሉ ደረቱን እየመታ ተነሣ። የማን ለቅሶ እንደሆነ ጠፍቶበት የነበረው ሽማግሌ ከሁሉ በላይ ጮኸ። ሚስቱ ሙሽራ ሆና የመጣችለት በዚያ ጀርባ ላይ ታዝላ ነበርና።

ጋሽ ደምለው ይህን ተናግረው በናሆም እጅ ያለውን ወረቀት በጣታቸው መቱት።

«ያንተም ነገር ይኸው ነው፣ ናሆም። የዩኒቨርሲቲው ሰዎች ደጃቸው የቆመውን ማወቅ ፈለጉ፤ አንተ የሌላ ሰው ፈረስ ልትልክላቸው ነው። ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፤ አንተን አጣሁህ። የመንደሩ የውሃ ቧንቧ በተበላሸ ቁጥር ሱሪውን ሰብስቦ ጭቃ ውስጥ የሚገባው ልጅ የት ሄደ? የውሃ ትምህርት ያስመኘህ እሱ አይደለም? ሟቹስ ‹ይህ እኔ አይደለሁም› የሚልበት አፍ አልነበረውም። አንተን ግን አፍ እያለህ፣ በቁምህ፣ በገዛ እጅህ፣ በሰው ሙሾ ምን አስቀበረህ?»