የሰው በሬ በአውድማ

አንድ ሀብታም ገበሬ ነበረ። ቆይ እታፈራሁ ልጄ፣ «የክሊኒኬ ሠራተኞች የበሽተኛውን ምስጢር በገዛ ስልካቸው ይዘው ይዞራሉ፤ ስልክ ልከልክል ወይ?» ያልሽኝን አልዘነጋሁም። ፊደል ሳስቆጥርሽም እንዲሁ ችኩል ነበርሽ።

የዚህ ገበሬ ስንዴ ንጹሕ ስለነበር አገሩ ሁሉ ዘር የሚወስደው ከሱ ነበር። ሲያበራይም ጎረቤቶቹ በሬዎቻቸውን እየነዱ መጥተው ያግዙታል። አንድ ዓመት አንዲት ባልቴት ጭብጥ እንክርዳድ ይዛ ደጁ ቆመች። «ያንተን ስም አምኜ ዘርህን ዘራሁ፤ ይህ በቀለብኝ፤ ልጆቼን ምን ላብላቸው?» አለችው። ሰውየው አፈረ። ነገሩን ቢያጣራ፣ የጎረቤት በሬዎች በየሜዳው አረም በልተው እየመጡ እበታቸውን ከነአረሙ ዘር አውድማው ላይ ሲጥሉ ኖረዋል።

ተቆጣና ከእንግዲህ የሰው በሬ አውድማዬን አይረግጥም አለ። ይህም ከእጅ አይሻል ዶማ ሆነበት። በሚቀጥለው መኸር የራሱ በሬዎች ደከሙ፣ ክምሩ ገና ነው፣ ደመናውም ማንዣበብ ጀመረ። አንድ ቀን ከገበያ ሲመለስ ጎረቤቶቹ በጓሮ በኩል በሬ አስገብተው ሊያበራዩለት ሲሰናዱ አገኛቸው። እህሉን ዝናብ እንዳይበላበት አዝነውለት ነው። ሊጮኽባቸው አሰበና አንጀቱ አልችል አለ።

በሬዎቹ ሁሉ የበሉት አረም ከሆዳቸው እስኪወጣ ሦስት ቀን በሱ በረት ውለው አድረው የሱን ጭድ ብቻ እንዲበሉ ለመናቸው። አንድ ሽማግሌ በሬውን ሊቀማው መስሎት ገመዱን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። ገበሬው ግን ከሁሉ በፊት የራሱን በሬዎች አስገብቶ አሰረ።

«በሬህ ያንተ ነው፤ እኔ የምጠብቀው አውድማዬን ነው» አለው።

ሽማግሌው ገመዱን ሰጠው። ክምሩን ከድነው ጠበቁ፣ አበራዩ፣ የመጨረሻው ጆንያ ጎተራ ሲገባ ዝናቡ ጣለ። ባልቴቷም ከዚያ ዘር ንጹሕ ስንዴ አጨደች።

እንግዲህ ልጄ፣ ስልኩ በሬው ነው፤ የበሽተኛሽ ምስጢር አውድማው። ሠራተኞችሽ በስልካቸው የሚሠሩት ሊበድሉሽ አይደለም፣ በሽተኛ እንዳይጉላላባቸው ነው። ብትከለክያቸው በጓሮ ይገባሉ። ይልቅ የክሊኒኩ ሥራ ስልኩ ውስጥ የራሱ በረት ይኑረው፣ በቁልፍ ይዘጋ። ስልክ የጠፋበትም ሳይፈራሽ ወዲያው ይንገርሽ። የቤተሰባቸውን ፎቶ ግን አትንኪ፣ እሱ የነሱ ነው።

ከማን እንደምትጀምሪም ልንገርሽ። ቅድም ስልክሽን እዚህ ጠረጴዛ ላይ ትተሽ ወጥተሽ ነበር። ቁልፍ የለውም፤ የአንዲት እናት ስም ከነምርመራዋ በርቶበት አይቼ በፊቱ ደፋሁት። በይ፣ መጀመሪያ ያንቺን በሬ እሰሪ።